አስካለ ያቋረጠችው ሱባኤ

በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን የአራዳ ገበያ አስካለን የሚያውቃት በፈትሏ ነበር። ቀጭን፣ ልስልስ፣ እንደ ሐሳቧ የማያልቅ ፈትል። ባሏ ከሞተ ወዲህ ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ባለችው ጠባብ ቤቷ የቀረቻት አንዲት ልጇ ዓለምጸሃይ ናት። ዓለምጸሃይ ሁለት ጊዜ ወልዳ፣ ሁለቱም ሕፃናት አንዴ አልቅሰው ጡት ሳይዙ በሞት አሸለቡ። አሁን ሦስተኛውን አርግዛለች፤ ባሏም ለንግድ ጅማ ወርዷል።

አስካለ ጥጥ ስትፈትል የምታንጎራጉረው ግድግዳ አልፎ ይሰማ ነበር፦

እንዝርቴን ሳሾረው መሸብኝ ነጋብኝ፣
አንተ የሰማዩ ምነው ዝም አልክብኝ።

የልጇ ወር ሲገባ ጊዮርጊስ ሄዳ የሰባት ቀን ሱባኤ ያዘች። ከቅጥሩ ላትወጣ፣ ሽምብራ እየቆረጠመች ልትጸልይ። ልጇን ለጎረቤቷ፣ ለወሎዬዋ ዘይቱና አደራ ሰጠች። ነፍሷ ግን መች አረፈች! ሰው በበሩ ብቅ ባለ ቁጥር መርዶ ይመስላታል።

በሰባተኛው ቀን፣ ቅዳሴ ሳይገባ፣ ዘይቱና ከቅጥሩ በር ላይ ሆና ተጣራች።

«እትዬ አስካለ! ኧረ እትዬ!»

«ምነው? ወለደች?»

«ምን ትወልዳለች! ከትናንት ጀምሮ አምጣ አምጣ ዛለች። ‹እናቴን ጥሩልኝ› ነው የምትለው።»

አስካለ በሩን ይዛ ቀረች። ምጥ ካለበት ቤት የገባ ሰው፣ ቤቱ ጸበል ሳይረጭ ቤተ ክርስቲያን አይገባም።

«ዛሬ እኮ መጨረሻው ነው፣ ዘይቱና። አሁን ባቋርጠውና ልጄ ብትሞትብኝስ?»

«እርስዎ እዚህ ቆመው ብትሞትስ? የኔ ዱዓ ከዶሮ ማነቂያ ሰማይ ሲደርስ የእርስዎ ጸሎት መንገድ ሊጠፋው ነው?»

አስካለ መሬቱን ተሳለመች። «ጊዮርጊስ፣ እግሬ ወጣ እንጂ አፌ አልተዘጋም» ብላ ቁልቁል ሮጠች። አባታችን ሆይን ትጀምራለች፣ ግማሹ ላይ ይጠፋባታል፣ እንደገና ትጀምራለች። ነጠላዋ መንገድ ላይ ወደቀ፤ ዘይቱና አንስታ ተከተለቻት።

ቤት ስትገባ የተሰበሰቡት የጎረቤት ሴቶች «ማርያም፣ ማርያም» ይላሉ። የዓለምጸሃይ ከንፈር ነጥቷል።

«መጣሽ፣ እማ?»

«መጣሁ፣ ዓለሜ። በኔ ላይ ተደገፊ።»

ከጀርባዋ አቅፋ ያዘቻት። ከዚያ ወዲያ ሌላ ጸሎት አልመጣላትም፤ ከሴቶቹ ጋር «ማርያም» ብቻ። ስንት ጊዜ እንዳለችው ማን ያውቃል። ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ሕፃኗ ወጣች፤ አንዴ አለቀሰች፤ ዝም አለች።

ሦስት እልልታ ቤቱን ሞላው።

«እትዬ፣ እልል ይበሉ እንጂ!» አለች ዘይቱና።

«ቆዩ፣ ዝም በሉ!» አስካለ ጆሮዋን ከትንሿ ደረት ላይ አኖረች። «እነዚያም አንዴ አልቅሰው ነበር።»

ሕፃኗን ከእናቷ ጡት አስጠጓት። ከንፈሯ ፈለገ፤ ሳተ፤ ፈለገ። ያዘች! ጉንጯ ገባ፣ ወጣ፤ ገባ፣ ወጣ።

«ተመስገን» አለች አስካለ እንባዋ እየወረደ። እልል ግን አላለችም። ከአልጋው ሥር ተንበረከከችና «ስጠኝ» ስትል የኖረችውን ትታ «አኑርልኝ» ማለት ጀመረች።