በአራስ ተራ

ባለፈው ሳምንት ወልድያ በምሠራበት ቢሮ አዲስ የተቀጠረች ልጅ ኮምፒውተር ስትከፍት ጥቁሩ ስክሪን ላይ ሁለት ስም ወጣ፤ ዊንዶውስና ሊኑክስ። «እትዬ፣ አንድ ኮምፒውተር ላይ ሁለቱ ምን ያደርጋሉ?» አለችኝ። «አንዱ እምቢ ሲልሽ በሌላው ትገቢያለሽ» ብያት ወደ ሥራዬ ተመለስሁ። ልቤ ግን መርሳ ሄዶ ቀረ።

ያኔ ገና አላገባሁም። መርሳ ውስጥ ፎቶ ቤት ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ጦርነቱ ሲመጣ የፎቶ ቤቱ ባለቤት ወደ ደሴ ሸሹ፤ የቤቱን ኮምፒውተር አባቴ በጭድ ክምር ውስጥ ደብቆ ከዝርፊያ አተረፈው። ጦሩ ከአካባቢያችን ከራቀ በኋላ፣ ጥምቀት ባለፈ ሰሞን አውጥተን ብንሞክረው ዊንዶውሱ አልነሣ አለ።

ጥር ደግ ወር ነው። ማሽላው ተወቅቶ ገብቷል፤ ከሀብሩ ሜዳ የሚመጣው ንፋስ ጭድ ጭድ ይሸታል። ብርቱካኑ እንደ ወትሮው በመንገዱ ዳር ተቆልሎ ነበር፤ የሚገዛ መንገደኛ ግን የለም። ያንኑ ብርቱካን በልተን ያደርንበት ቀን ብዙ ነው። እግዚአብሔር ይመስገን።

እትዬ አልጋነሽ ከሲሪንቃ በእግራቸው መጡ። አንድ ልጃቸው መላኩ በጦርነቱ ከቤት እንደወጣ አልተመለሰም። ቤታቸው ሲቃጠል ፎቶውም አብሮ ሄዷል። ደሴ ሄደው ሊፈልጉት ነው። «ቀይ ነው፣ ቀጭን ነው ብል ማን ያውቅልኛል? የሁሉም እናት እንዲሁ ነው የምትል» አሉኝ። መላኩን ለፈተና መታወቂያ ፎቶ ያነሣሁት እኔ ነበርሁ። መልኩ የቀረው እዚያ አልነሣ ባለው ኮምፒውተር ውስጥ ብቻ ነው።

ሰው ሁሉ «ፎርማት አድርጊው» ይለኝ ነበር። ፎርማት ካደረግሁት መላኩም አብሮ ይጠፋል። ወልድያ ስማር መምህራችን ሊኑክስ ያለበት ፍላሽ ሰጥተውኝ ነበር። ሐሳቤ ዲስኩን ለሁለት ከፍዬ ሊኑክሱን ከዊንዶውሱ ጎን መጫን፣ ከዚያ በአዲሱ ገብቼ ፎቶውን ማውጣት ነበር። ከዚህ የቀለለ መንገድ እንዳለ በኋላ ሰምቻለሁ፤ ያኔ የማውቀው ይህን ነው። ዲስኩ ሲከፈል መብራት ከተቋረጠ ግን ሁሉም ነገር ይጠፋል።

በጦርነቱ የከተማው መብራት ስለተቋረጠ መብራት የነበረው ጋሽ ሰይድ ወፍጮ ቤት ብቻ ነው፤ ኮምፒውተሩንም ወስደን የሞከርነው እዚያ ነበር። የናፍጣ ሞተራቸው ላይ ዲናሞ ገጥመዋል። ድንጋዩ እህል ሲነካ ግን አምፖሉ ይርገበገባል። ስለዚህ ወፍጮው መቆም አለበት። ደጁ ላይ ደግሞ ቤታቸው ዱቄት የሌለ ሴቶች ከነጋ ጀምሮ ተሰልፈዋል።

ጋሽ ሰይድ ራሳቸውን አከኩ። «ሞተሩን እኔ አዞራለሁ። ተራው ግን የነሱ ነው፤ እነሱን ለምኚ።»

ለመንኋቸው። አንዷ ወዲያው ከጎኔ የቆሙትን እትዬ አልጋነሽን አይታ «የለቅሶ ቤት እህል ተራ አይጠብቅም። ይግቡ እናቴ» አለች። የወፍጮ ቤት ልማዳችን ነው፤ ለደግነት ነበር ያለችው።

እትዬ አልጋነሽ ከቆሙበት አልተነቃነቁም። «ልጄ አልሞተም። በለቅሶ ተራ አልገባም።»

«እባክዎ እትዬ» ብዬ እጃቸውን ብይዝ አስለቀቁኝ። «እንዲያ ከሆነ ባዶዬን እሄዳለሁ» ብለው ነጠላቸውን አጣፉ።

ከሰልፉ ፊት ጆንያቸው ላይ የተቀመጡት አሮጊት፣ እማማ ሉባባ፣ በምርኩዛቸው መሬቱን መቱ። «ነይ ወዲህ አንቺ! የአራስ ቤትስ ተራ ይጠብቃል?»

«ኧረ አይጠብቅም፤ ገንፎው ይቸኩላል» አሉ ሴቶቹ።

«እንግዲያው የዛሬዋ አራስ አንቺ ነሽ። ወንድ ልጅሽን ከዚህ ሣጥን ትወልጅዋለሽ። ግቢ!»

እትዬ አልጋነሽ ከመጡ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ። ገቡ።

ወፍጮው ቆሞ ሞተሩ ብቻውን ይዞር ጀመር። ስክሪኑ ላይ ቀጭን መስመር በዝግታ ይሄዳል። ሴቶቹ ሽምብራ ቆሎ እየቆረጠሙ ከኋላዬ ቆመው ያያሉ።

«ምን ዓይነት እህል ነው፣ እስካሁን የማይልም?» አለች አንዷ።

«ምጥ ነው እንጂ! ምጥን ማን ያስቸኩለዋል?» አሉ እማማ ሉባባ።

ጋሽ ሰይድ ከሞተሩ ሳይርቁ «አላህ ያግራው» ይላሉ። እኔ በልቤ እመቤቴን እጠራለሁ።

መስመሩ ሞላ። አጥፍቼ ስከፍተው ሁለት ስም ወጣ። አዲሱን መርጬ ገባሁ፤ የድሮው ክፍል ሳይነካ አለ። ፎቶውን ፈልጌ ከፈትሁት፤ መላኩ፣ ኮሌታው ተጣሞ፣ ሳቅ ሊያመልጠው ሲል።

እትዬ አልጋነሽ ስክሪኑ ላይ ያረፈውን ዱቄት በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉለት። እማማ ሉባባ ለወንድ ልጅ የሚባለውን እልልታ ጀመሩ፤ ሴቶቹ ተቀበሏቸው።

ከኮምፒውተሩ ጋር የተረፈው ማተሚያ ቀለሙ ደርቆ ስለነበር ፎቶው ግራጫ ሆኖ ወጣ። እትዬ አልጋነሽ በመሀረብ ጠቅልለው ደሴ ሄዱ። አላገኙትም። እስከ ዛሬም ይፈልጉታል።

እኔ አሁን የልጆች እናት ነኝ። በለቅሶ ተራ አልገባም ማለታቸው ያኔ ግትርነት መስሎኝ ነበር፤ የልጆቼን ኮቴ ደጅ ላይ ስሰማ ነው የገባኝ። አምላኬ ለእኔ ያደረገልኝን አውቃለሁ። የመላኩን የክርስትና ስም እናቱ ነግረውኛል። ስጸልይ ያረፉትን ለብቻ አስባለሁ። እሱን የምጠራው ከልጆቼ ጋር ነው።