ግድግዳ የሚያየው አርሊስ

የእህቴ ባል አርሊስ ሄንስሊ መቀመጥ አይችልም። የከሰል ማዕድኑ ከተዘጋ ወዲህ ማለቴ ነው። ጠዋት ተነስቶ በረንዳው ላይ ይቆማል፣ ወደ ወንዙ ይወርዳል፣ ተመልሶ ይወጣል፣ የፒካፑን ኮፈን ከፍቶ ያያል፤ ምንም ሳይነካ ይዘጋዋል። እህቴ ትዋይላ በመስኮት እያየችው፣ «ይሄ ሰውዬ እየረገጠ መሬቱን ሊጨርሰው ነው» ትለኛለች። ከጉርምስናው ጀምሮ በተራራው ሆድ ውስጥ ከሰል ሲቆፍር የኖረ ሰው ነው። ተራራው አንድ ቀን አፉን ሲዘጋበት፣ እግሩ የሚሄድበት ጠፋው። ወንዙ ዳር ሲመላለስ የሚያንጎራጉራትን ሰምቻለሁ፤

በጨለማው አገር መንገዴን ያልሳትሁት፣
ፀሐይ ስትወጣ ነው መድረሻ ያጣሁት።

በእኛ በምሥራቅ ኬንታኪ ሸለቆ ሰው ሥራ ሲያጣ መንገዱ አንድ ነው፤ ወደ ሰሜን፣ ወደ ኦሃዮ ፋብሪካ። ከአባቶቻችን ብዙዎቹ ሄደዋል፤ አንዳንዶቹ የተመለሱት ለመቀበር ነው። የአርሊስ ወንድም እዚያው ነው፤ «ና፣ ቦታ ይዤልሃለሁ» እያለ ይደውላል። ትዋይላ ግን እናታችን ካረፈችበት ኮረብታ ሥር ተነቅላ መሄዱን ስታስበው እንቅልፍ አጣች። ያም ሆኖ ከሱቅ ባዶ ካርቶን እየለመነች ማምጣት ጀመረች። ካርቶኖቹ ሳሎን ውስጥ አፋቸውን ከፍተው ይጠብቁ ነበር።

በዚህ መሃል አንድ በር ተከፈተ። የወረዳችን የሥራ ማዕከል ከማዕድን የተቀነሱትን አዲስ ሙያ ያሰለጥን ጀመር፤ አርሊስ የኤሌክትሪክ ሥራ መረጠ። በዚያ ዕድሜው ልጆቹ ሊሆኑ ከሚችሉ ጎረምሶች ጋር ተሰልፎ ተቀመጠ። ነዳጅ ማደያው ጋ የሚሰበሰቡት የድሮ ጓደኞቹ መች ይምሩታል። ምሳ ዕቃውን ይዞ ባለፈ ቁጥር፣ «ተማሪው፣ ዛሬስ መምህርህ ገረፈህ?» ይሉታል። እሱም መኪናውን ሳያቆም፣ እነሱን ይዞ ስላልመጣ እንደተመሰገነ ይነግራቸዋል። ሥልጠናውን በደህና ውጤት ጨረሰ። እኛም ያለቀ መሰለን።

ሥራ ግን አልተገኘም። ሆስፒታሉ ለቃለ መጠይቅ ጠራው፤ ባዶ እጁን ተመለሰ። የእንጨት ፋብሪካው ጠራው፤ እንደዚያው። ማዕከሉ ውስጥ ሥራ ፈላጊዎችን የምታማክር ኔድራ የምትባል ወጣት ነበረች፤ ነገሩ ከነከናትና ፋብሪካው ድረስ ደውላ ጠየቀች። መልሱን ስትነግረው እኔም ነበርኩ፤ መኪናው አልነሳ ብላው ያደረስኩት እኔ ነኝ።

«አቶ አርሊስ፣ ሙያዎን አልናቁትም። ‹የሚደብቀው ነገር አለ፣ የሰው ዓይን አያይም› ነው ያሉት።»

አርሊስ ብድግ አለ። በሕይወቱ የሰው ምስማር ያልነካ ሰው ነው። ወደ መስኮቱ ሄደ፣ ተመለሰ፣ ባርኔጣውን አነሳ።

«ኦሃዮ እሄዳለሁ። አበቃ» አለ። ይህን ሲል እንኳ የሚያየው ከኔድራ ራስ ጎን ያለውን ግድግዳ ነበር።

ልጅቷ ዓይኑ የት እንዳረፈ አየች። ከዚያ በዝግታ፣ አባቷ ከሰል ቆፋሪ እንደነበር ነገረችን። ገበታ ላይ ሲያናግራት የበሩን መቃን እያየ ነበርና፣ በልጅነቷ የሚጠላት ይመስላት ነበር። ምክንያቱን እናቷ የነገረቻት እሱ ካረፈ በኋላ ነው። ታች፣ መሬት ውስጥ፣ ሁሉም ግንባሩ ላይ መብራት አለው። ጓደኛህን ፊት ለፊት ካየኸው ዓይኑን ታጠፋበታለህ፤ ጣሪያው ሊወርድበት ሲል እንኳ አያይም። ስለዚህ ስታናግረው ፊትህን ዘወር ታደርጋለህ። እዚያ ሰውን መውደድ ማለት ዘወር ማለት ነው።

አርሊስ ባርኔጣውን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። «እኔስ ዘወር ማለቴን መች አውቄው!» አለ ለግድግዳው።

ኔድራ የመብራት ኩባንያው ምሰሶ እየወጣ ሽቦ የሚጠግን የመስመር ሠራተኛ እንደሚፈልግ ነገረችውና ስሙን ላከችለት። ይህም ካልሆነ ካርቶኖቹ ይሞላሉ፤ ይህን ሁላችንም አውቀናል። ከዚያ ወዲያ ቤቱ የልምምድ ቤት ሆነ። ትዋይላ ከባቄላ ሾርባውና ከበቆሎ ዳቦው ማዶ ትቀመጥና «እየኝ» ትለዋለች። ያያታል፤ ወዲያው ዓይኑ ወደ ምድጃው ይሸሻል።

«ምድጃው ነው እንዴ የሚቀጥርህ?»

«ምድጃው እንደ አንቺ አያፋጥጠኝም።»

ትስቃለች። ከዚያ ዓይኗ ካርቶኖቹ ላይ ያርፍና ሳቋ ይጠፋል።

ቀኑ ደረሰ። አርሊስ እስኪጠራ ድረስ የኩባንያውን ግቢ ሲዞር እኔ፣ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነጂ ነኝና፣ አውቶቡሴን አቁሜ አየሁት፤ ውስጥ የሆነውን ግን የሰማሁት ከራሱ ነው። የሚጠይቀው ዌንደል የሚባል መነጽራም ሰው ነበር። አርሊስ ዓይኑን ተከለበት። አላርገበገበም። ሰውዬው ወረቀቱን ያገላብጣል፣ ወንበሩን ወደ ኋላ ይስባል፣ የአርሊስ ዓይን ግን እንደ ችካል ቆሟል። በመጨረሻ ሰውዬው መቻል አቃተው።

«አቶ ሄንስሊ፣ አስቀይሜዎታለሁ?»

አርሊስ ግድግዳውን አየ። ከዚያ እንደገና ወደ ሰውየው ተመለሰ።

«ኧረ የለም ጌታዬ። ግንባሬ ላይ መብራት የለም እያልኩ ለራሴ እየነገርኩት ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው እንዳላሳውር ዘወር ስል ኖርኩ። እዚህ ላይ ደግሞ ዘወር የሚል ሌባ ነው ተባልኩ። መሃሉን ገና አልተማርኩትም።»

ሰውዬው መነጽሩን አወለቀ። ምሰሶ ላይ ሲወጣ ከታች የቆመው ባልደረባው ትዝ ይለው እንደሆነ ጠየቀው።

«ሌላ ምን ትዝ ይለኛል?» አለው አርሊስ።

ስልኩ እስኪደወል ያለፈውን ጊዜ አልነግራችሁም፤ ወንዙ ዳር አርሊስ የረገጠው ሣር እስከ ዛሬ አልበቀለም። ሲደወል ያነሳችው ትዋይላ ነበረች። አዳምጣ ስልኩን ዘጋችና አንዱን ካርቶን አንስታ በጉልበቷ አጠፈችው። ቀጥላም ሌላውን።

ማታ ራት ላይ አርሊስ እህቴን ፊት ለፊት አያት። ረጅም ጊዜ አያት። አልለመደችውምና ጉንጯ ቀላ፤ ዓይኗ ሸሽቶ ምድጃው ላይ አረፈ።

«ምድጃው ነው እንዴ የተቀጠረው?» አላት።

አሁን ምሰሶ ለምሰሶ ይንከራተታል፤ ንፋስ በነፈሰ ቁጥር ይጠሩታል። እሁድ እሁድ በረንዳው ላይ ወንበር አለው፤ አይቀመጥበትም። ትዋይላም ካርቶኖቹን ሁሉ አላጠፈችም። አንዱን አልጋዋ ሥር አይቼዋለሁ። ለምን እንዳስቀረችው አልጠየቅኋትም፤ በእኛ አገር ሥራ እንደ ወንዙ ነው፤ ይሞላል፣ ይጎድላል።