የአንድ እግር ሱሪ

ዝናቡ ከማለዳ ጀምሮ ሲያላዝን የዋለበት ቀን ነበር። የሁለቱ ወንድማማቾች ላውንድሪ ውስጥ እርጥብ ልብስ ተቆልሏል፤ ከጀርባ ባለችው ክፍል ታላቅየው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቷል። ካውያ የሱ ሥራ ነበር። ስኪዞፍሬኒያ ከያዘው ወዲህ በየወሩ የሚወጋው መርፌ የሚሰማቸውን ድምፆች ጋብ አደረገለት፤ የመነሳት ፍላጎቱን ግን የመለሰለት የለም።

ታናሽየው ወር ሳይሞላ ካልተነሳ የካውያውን ጠረጴዛ ለቅጥረኛ እሰጣለሁ ብሏል። ታላቅየው ሰምቷል። ጠረጴዛውን ለማንም መልቀቅ አልፈለገም፤ ሰውነቱ ግን አልታዘዘውም።

ታናሽየው ሐኪም ቤት «ትንሿንም ነገር አድንቁለት» ተብሎ ነበርና ምክሩን እንደ ሲሚንቶ ከረጢት ተሸክሞ መጥቶ ወንድሙ ላይ አራገፈው።

«ጎበዝ ጋሼ! ውሃ ጠጣህ!» ብሎ ያጨበጭባል።

ታላቅየው ብርድ ልብሱን ይከናነባል። ለደንቆሮ መልስ መስጠት ቃል ማባከን ነው።

የዚያን ዕለት ከሐኪም ቤቱ የተላከች የሥነ ልቦና ባለሙያ ጫማዋ ረስርሶ መጣችና አልጋው አጠገብ ተቀመጠች።

«ምን ያስደስትዎታል?»

«ምንም።»

«ድሮስ ምን ይወዱ ነበር?»

«ምንም።»

ይህን ለመጠየቅ ነው ያን ሁሉ ዓመት የተማረችው? አለ በሆዱ።

«ጎበዝ ጋሼ! መለስክላት!» አለ ታናሽየው ከበሩ። ክንዱ ላይ የተተኮሰ ሱሪ አንጠልጥሏል። ታላቅየው ሱሪውን አየና ቀና አለ።

«ማነው የተኮሰው?»

«እኔ ነኛ።»

«አንድ እግር ላይ ሁለት የካውያ መስመር! የባቡር ሐዲድ አስመሰልከው እኮ! ይህን ለሰው ልትሰጥ ነው? አታፍርም?»

ሴትዮዋ አላጨበጨበችም። «እንዴት ነበር መተኮስ የነበረበት?» አለች።

«ስፌት ከስፌት ይገጥማል። ከዚያ መጫን ነው እንጂ እንደ ወለል መፈግፈግ አይደለም!»

«ታዲያ ለምን አያስተካክሉትም?»

«አቅም የለኝም።»

«ሙሉውን አላልኩም። አንዱን እግር ብቻ። ከዚያ ይተኛሉ።» ወደ ታናሽየው ዞረች። «እርስዎ ደግሞ እጅዎን ኪስዎ ይክተቱ።»

ታላቅየው እያጉረመረመ ተነሳ። አንዱን እግር ተኮሰ፣ ሰቀለው፣ ተመልሶ ተኛ።

ማታ የሱሪው ባለቤት መጣ። «ሌላው እግሬስ?»

«ነገ!» አለ ታላቅየው ከውስጥ።

«ደንበኛ አባረርክብኝ እኮ ጋሼ!» አለ ታናሽየው ሰውየው ሲሄድ።

«ያንተን ሐዲድ ለብሶ ከሚዞር ቤቱ ይቀመጥ።»

በማግስቱ ሁለተኛውን እግር ተኮሰ። ደስ ብሎት አይደለም፤ እሱ ቢተኛ ያ ገልቱ ሱሪውን እንደሚነካው ስላወቀ ነው። ባለሙያዋም በየሳምንቱ ስትመጣ ስለ ደስታ መጠየቋን ተወች። ምን እንደተበላሸ ትጠይቀዋለች፤ እሱም ታናሽየውን ሲያብጠለጥል ቆይቶ ይነሳል። በቀን አንድ እግር ሁለት ሆነ፣ ከዚያ ሁለት ሦስት ሱሪ። ወሩ ሲያልቅ ስለ ቅጥረኛ ያነሳ አልነበረም።

አሁን ጠረጴዛው የሱ ነው። ከረፋድ እስከ ቀትር ይተኩሳል፣ ከሰዓት በኋላ ይተኛል፣ መርፌውን በየወሩ ይወጋል። ጭራሽ የማይነሳበት ቀንም አለ። ታናሽየው ፊት ለፊት ቆሞ ልብስ ይቀበላል፤ ካውያ አይነካም።