የፊት ለፊቱ ሰውዬ

ባለፈው ቅዳሜ ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም፣ ኑሮ ለከበዳቸው ቤተሰቦች የሕይወት ክህሎት ሥልጠና እየሰጠሁ ነበር። እኔም እዚያው ሳይት ነው የምኖረው፤ ብቻዬን። በሥራ ቀን ሳይነጋ ለታክሲ ሰልፍ እወጣለሁ፣ ከመሸ እገባለሁ።

የዕለቱ ርዕስ ጉርብትና ነበር። ዘሃራ የምትባል፣ ከወሎ መጥታ ሁለት ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ ሴት ነበረች።

"ልጅሽ ሌሊት ቢታመምብሽ የማንን በር ታንኳኪያለሽ?" አልኳት።

"የማንንም" አለች። "ፊት ለፊቴ አንድ ሰውዬ አለ። መልኩን አይቼው አላውቅም። ጠዋት ሲቆልፍ እሰማለሁ፣ ማታ ሲያስል እሰማለሁ። ልጆቼ አቶ ሳል ብለው ስም አውጥተውለታል። አንድ ቀን እንኳ እንዴት ናችሁ አይልም፤ ምን ዓይነት ፍጡር ነው እላለሁ።"

ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ እንደ አሠልጣኝ ኮስተር ብዬ መከርኳት።

"አትፍረጂበት። ምናልባት በሩን የሚያንኳኳለት ሰው አጥቶ ይሆናል። የቤት ሥራሽ ይሁን፤ የሆነች ነገር ይዘሽ ሂጂና ተዋወቂው።"

"ባይከፍትልኝስ?"

"ይከፍትልሻል፤ በእኔ ይሁንብሽ።"

እሑድ ከሰዓት ጋደም ብዬ ኮርኒሱን ሳይ በሬ ተንኳኳ። እኔ ዘንድ የሚመጣ ሰው የለም፤ ቤት የተሳሳተ መስሎኝ እያሳልኩ ከፈትኩ።

ዘሃራ በሳህን ዳቦ ይዛ ቆማለች። ከኋላዋ የፊት ለፊቱ በር ገርበብ ብሏል።

"አቶ ሳል እርስዎ ነዎት?" አለችኝ።