ያልበላሁት ጎደሬ

ባለፈው ቅዳሜ የልጅ ልጄን ይዤ ጅማ ወዳለው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍታችን ስገባ፣ ከልጆች ክፍል በዳውሮኛ ተረት ሲነገር ሰማሁ። ልጆቹ በሳቅ ይንፈራፈራሉ። "ይሄን ያስጀመሩት እትዬ መኪያ ናቸው" አለችኝ በር ላይ የተቀመጠችው ልጅ። ወይ ጉድ! ለእኔ መኪያን ልታስተዋውቀኝ!

መኪያ አብሮ አደጌ ናት። በወጣትነታችን ትምህርት ጨርሰን እዚያው ቤተ መጻሕፍት በነጻ እናገለግል ነበር። የአንድ ረዳት ቦታ ሊከፈት ነው ሲባል እንቅልፍ አጣሁ። በአማርኛም በኦሮምኛም ድምፄን አሳምሬ ለልጆች የማነብ እኔ ነበርኩ፤ መኪያ እንደሆነች መጽሐፍ ከፍታ የምታንቀላፋ ናት። ኃላፊያችን ጋሼ ንጉሤ ግን "የሸማኔዎቹ ልጆች ደጃችንን ረግጠው አያውቁም። እነሱን ያመጣልኝ ሰው ቦታው የእሱ ነው" አሉ።

ከዳውሮ የመጡት ሸማኔዎች የሚኖሩት ከተማው ዳር ነበር። ክረምቱ ገና አልወጣም፣ ቀዩ ጭቃ ጫማዬን እየጎተተኝ ሄድኩ። ሽማግሌያቸው አቶ ዳና ከሽመናቸው ቀና ብለው ተቀበሉኝ፣ ቅዳሜ ልጆቹን ይዘው እንዲመጡም ጠራኋቸው። ባለቤታቸውም የሚጨስ የጎደሬ ቅቅል በቅቤና በሚጥሚጣ አቀረቡልኝ። ሽታው ብቻ ያስጎመጅ ነበር። እንግዲህ በእኛ ቤት ወግ በመጀመሪያው ግብዣ ዘሎ መብላት ነውር ነው። "ጠግቤያለሁ" ይባላል፣ "በሞቴ!" ይባላል፣ ከዚያ ይበላል። እኔም "ጠግቤያለሁ" አልኩ። "በሞቴ" እስኪሉኝ ስጠብቅ ሴትዮዋ ሳህኑን አንስተው ወደ ጓዳ ገቡ። አቶ ዳናም ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ቅዳሜ አንድም ልጅ አልመጣም።

በሳምንቱ መኪያ ሄደች። መቼም ሆዷን ትወዳለች፤ ሳህኑ ገና ሳያርፍ እጇን ሰደደች፣ ጨርሳም "ይጨመርልኝ" አለች አሉ። የዚያን ቅዳሜ ክፍሉ ጢም ብሎ ሞላ። አቶ ዳና ራሳቸው በዳውሮኛ ተረት አወሩ፣ መኪያ አጠገባቸው እንደ ልጃቸው ተቀምጣ። እኔ ከኋላ መጽሐፌን ታቅፌያለሁ። ሁሉም ሲስቅ እኔን ቅናት እንደ በርበሬ ይለበልበኛል።

አቶ ዳና ሲወጡ አላስቻለኝም።

"አባባ፣ እኔ ስጠራዎት ለምን ቀሩ?"

"ልጄ፣ ሸማኔ ቤት የማይበሉ ሰዎች አሉ" አሉኝ። "'ንቀናችኋል' አይሉም፣ 'ጠግቤያለሁ' ነው የሚሉት። አንቺንም ከእነሱ ቆጠርንሽ።"

እኔ እኮ ርቦኝ ነበር! ብል ማን ያምነኛል? ቦታውን መኪያ ወሰደች፣ ጡረታ እስክትወጣም ኖረችበት።

ባለፈው ቅዳሜም ተረቱ ሲያልቅ አንዲት እናት መሶባቸውን ከፈቱ። ጎደሬ! መኪያ ዛሬም ከመሃላቸው ናት፣ ሕፃናቱ ከጎኗ ለመቀመጥ ይሻማሉ። አሁንም እቀናለሁ። ምን ላድርግ፣ ዕድሜ ብዙ ነገር ወሰደብኝ፣ ይቺን ግን ትቶልኛል። ብቻ ሴትዮዋ "ይብሉ" ብለው ሳይጨርሱ እጄን ሰደድኩ።

"ወላሂ!" አለች መኪያ። "አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ሳትለመኚ የምትበዪው?"

"ዝም በይ፣ እስከ ዛሬ የበላሽብኝ ይበቃሻል" አልኳት፣ ሁለተኛውን እያነሳሁ።