ሻሼን በጆሮዋ ሰላም በይልኝ

ትናንት ከጁምዓ ሰላት በኋላ ስልኬ ጠራ። ደንበኛ ይዤ ነበር። ቁጥሩን ሳየው ግን ሰውየውን «አንዴ ይታገሱኝ» ብዬ ከሱቁ ጀርባ ዞርኩ... የምለውን ማንም እንዲሰማኝ አልፈልግም።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ።

መካነ ሰላም ውስጥ ሜሞሪ ላይ ዘፈን፣ መንዙማና ፊልም እየጫንኩ እንደምተዳደር የምታውቁኝ ታውቃላችሁ። የውጭ ፊልምም በአማርኛ እተርካለሁ። እንግሊዝኛዬ እንደ ነገሩ ነው፤ ያልገባኝን ከራሴ እሞላለሁ። የውጭ ጫጫታ እንዳይገባ ዕቃ ቤት ውስጥ ብርድ ልብስ ተከናንቤ ነው የምቀዳው። ጀግናውም እኔ፣ ጠላቱም እኔ፣ ሴቷም እኔ።

አምና አንድ የሚበር ጀግና ያለበትን ፊልም ተረኩ። እዚያ ውስጥ የሀብታም ቤት በር የምትከፍት ሠራተኛ አለች። አራት ጊዜ ብቻ ብቅ ትላለች፣ አንድም ቃል አትናገርም። ዝም ማለቷ አላስቻለኝም... ጦይባ ብዬ ስም አወጣሁላት፣ የከላላ ልጅ አደረግኳት። በሩን በከፈተች ቁጥር በቀጭን ድምፅ «አብሽሪ እማ፣ ሻሼን በጆሮዋ ሰላም በይልኝ» አሰኘኋት። ሻሼ ላም ናት። ፎቅ እየፈረሰ፣ ሰው እየጮኸ፣ እሷ አገር ቤት ላለች ላም ሰላምታ ትልካለች።

ከተማው በሳቅ ሞተ። ጀግናውን የሚያስታውስ ሰው የለም። ተማሪው ሲለያይ «ሻሼን በጆሮዋ» ሆነ። የሚኒባስ ረዳት ሳይቀር ተሳፋሪ ሲያወርድ እንደዚያ ይላል። ሱቄ የሚመጣው ሁሉ «የጦይባን ጫንልኝ» ነው። ደረቴን ነፋሁ፣ አልዋሽም።

ባለፈው ወር በገበያ ቀን አንዲት እናት መጡ። ጫማቸው አቧራ ለብሷል፤ ከከላላ ነው የመጡት።

«አሰላሙ አለይኩም ልጄ። ስለ ላሜ የምታወራዋን ልጅ አሳየኝ» አሉ።

ሳቄ መጣ። ወንበር ሰጥቼ ከፈትኩላቸው። ሱቁ ውስጥ የነበሩት ተማሪዎች ገና በሩ ሲከፈት መሳቅ ጀመሩ። እሳቸው ግን በሻሻቸው ጫፍ አፋቸውን ይዘው ያያሉ። ፎቁ ሲፈርስ ወደ እኔ ዞሩ።

«ከዚያስ? ወጣች?»

«ፊልሙ አይናገርም እናቴ። ከዚህ በኋላ አትታይም።»

«ያ የሚበረውስ?»

«እሱ ሌላ ሴት ይዞ ነው የሚሄደው።»

«ንግግሩን ከማን ሰማኸው?»

«ከራሴ ነው።»

«ላሜንም ከራስህ ነው ያወቅሃት?»

እመኑኝ፣ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ እኔ የፈጠርኩት ነበር የሚመስለኝ። ያኔ ነው ትዝ ያለኝ... ፊልሙን ከመተረኬ በፊት አንድ ሰው የጎረቤቱን ሜሞሪ ይዞ መንዙማ ሊያስጭን መጥቶ ነበር። ሜሞሪው ሞልቷል። ሲሞላ አሮጌውን ሳልጠይቅ አጠፋለሁ፤ ሁላችንም የምናደርገው ነው። ከማጥፋቴ በፊት ግን ጆሮዬ አላርፍ ብሎ አንዱን ከፍቼ ሰማሁት። የሴት ልጅ ድምፅ ነው፣ ከዓረብ አገር ለእናቷ የላከችው። መጨረሻው ላይ ላሟን ሰላም ስትል ሳቅሁ። ሳቅሁና አጠፋሁት።

ልጃቸው ሐዋ ትባላለች። ወሬዋ ከጠፋ ሁለት ዓመት ሆነው። አሠሪዎቿ ስልክ አያነሱም፤ ከተመለሱት ልጆችም አየኋት የሚል የለም። እናቷ ሲከፋቸው የሚሰሙት እነዚያን ድምፆች ነበር። ሲጠፉባቸው ስልኩ የተበላሸ መስሏቸው ተዉት። ወደ እኔ ሊመጡ ሰሞን ግን ከላላ ገበያ ላይ አንድ ረዳት የላማቸውን ስም ሲጠራ ሰሙ፤ ከየት እንዳገኘው ቢጠይቁት የእኔን ሱቅ ነገራቸው...

«ድምጿ ካንተ ዘንድ አለ ብዬ መጣሁ» አሉኝ። ሜሞሪውን ከመቀነታቸው ፈትተው ሰጡኝ።

የጠፋ የሚመልስ ፕሮግራም አለኝ። እሱንም ሞከርኩ፣ ሌላም ሞከርኩ። ግን በላዩ ላይ ስንት ነገር ጭኜበታለሁ። የለም። አንገቴን ደፍቼ «ይቅር ይበሉኝ እናቴ፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አልኩ። አፈርኩ፣ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ።

አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

«እንግዲያ አንተው በለኝ» አሉ።

በራሴ ድምፅ አልኩላቸው።

«አይደለም። እንደሷ።»

በዚያ በቀጭኑ ድምፅ አልኩ። «ቀስ ብላ ነው የምትል» አሉ። ደገምኩ። «ሻሼ ስትል ሳቅ ትላለች።» ደገምኩ። ተማሪዎቹ አንድ በአንድ ወጡ። ስንተኛው ላይ እንደሆነ እንጃ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑና «እሺ ልጄ፣ እነግራታለሁ» አሉ።

ስልክ ቁጥሬን ይዘው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ጁምዓ ጁምዓ ይደውላሉ። ያቺኑ እላቸዋለሁ፤ «እሺ ልጄ» ብለው ይዘጋሉ። እኔ ፊልሙን መጫን አቁሜያለሁ። ረዳቶቹ ግን አላቆሙም፤ መናኸሪያው ጋ ባለፍኩ ቁጥር እሰማታለሁ።

ትናንትም ከሱቁ ጀርባ ቆሜ፣ ቀስ ብዬ፣ ሻሼ ላይ ሳቅ ብዬ አልኩ። «አብሽሪ እማ፣ ሻሼን በጆሮዋ ሰላም በይልኝ።»

ስልኩ አልተዘጋም። ትንፋሻቸው ይሰማኛል...

«መቼ ነው የምትመጪው?» አሉኝ።

ያልገባኝን ሁሉ ከራሴ የምሞላው ሰውዬ፣ ይችን መሙላት አቃተኝ።