ነይ አብረን እንሳሳት

አብቲ የምለው የእናቴ ወንድም፣ የሚንቀጠቀጥ ነገር ካየ ካልነካ አይሆንለትም ነበር። ባጃጅ ውስጥ መዳፉን ብረቱ ላይ ይለጥፋል። ሰርግ ቤት ሄዶ ጀነሬተሩን ሳይዳብስ ሩዙን አይነካም። ሳቢያን ሰፈር ያለው የራሱ እህል ወፍጮማ፣ እጁ ሁልጊዜ የሚያርፍበት ቦታ ቀለሙ ለቆ ያብረቀርቃል።

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የማሽንን ጤንነት በንዝረቱ መለየት ስማር ከእኔ በላይ የተደሰተው እሱ ነው። የንዝረት መለኪያውን ይዤ የመጣሁ ቀን ወፍጮው እየተንገጫገጨ ነበር። እኔ ግራፉን አይቼ "ኩሽኔታው ነው" አልኩ። እሱ መዳፉን አሳርፎ "ወላሂ ቺንጋው ነው!" አለ። እህል ሊያስፈጩ የመጡት ሴቶች ለሁለት ተከፍለው ሲከራከሩልን ወፍጮው ተፈታ። ኩሽኔታውም፣ ሞተሩን ከወፍጮው የሚያገናኘው ቺንጋም ደህና ነበሩ፤ የላላው ወፍጮውን ከወለሉ ጋር የሚያስረው ብሎን ነው። አብቲ የፈሰሰው ዱቄት ላይ ቁጭ ብሎ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ የወፍጮው ድምፅ በተለወጠ ቁጥር ይደውልልኝ ነበር፦ "ነይ ልጄ፣ አብረን እንሳሳት!"

አላህ ይዘንለት፤ እሱ ካረፈ በኋላ ወፍጮው ለመጀመሪያ ጊዜ የተንገጫገጨው ትናንት ነው። መለኪያዬን ቀለሙ የለቀቀው ቦታ ላይ ለጥፌ "ኩሽኔታው ነው" አልኩ። ትንሽ ጠበቅኩ። የሚከራከረኝ ሰው አልነበረም። ሲፈታ በእርግጥም ኩሽኔታው ሆኖ ተገኘ። ልክ መሆኔ ግን ደስ አላለኝም።

ምንም ያልሆነውን ቺንጋም አብሬ አስቀየርኩለት።